ብሉግራስን ከፋንክና ከጃዝ ጋር በመድረክ ላይ እንዴት ማዋሃድ ይቻላል?

ብሉግራስ በባንጆ፣ በማንዶሊን፣ በቫዮሊን፣ በጊታርና በደብል ቤዝ የሚጫወት የአሜሪካ የክር ሙዚቃ ነው። ባንዱ ያለ ድራም የሚሄደው የድራሙን ሥራ መሣሪያዎቹ ስለሚከፋፈሉት ነው። የስልቱ ጀማሪ ቢል ሞንሮ እ.ኤ.አ. በ1945 ማብቂያ የባንጆ ተጫዋቹን ኧርል ስክራግስን ወደ ባንዱ ካስገባ ወዲህ ክፍፍሉ የታወቀ ነው። ደብል ቤዝ 1ኛውንና 3ኛውን ምት ይረግጣል፤ ማንዶሊን 2ኛውንና 4ኛውን በአጭሩ ይቆርጣል፤ ባንጆ በሦስት ጣት መሃሉን ያለ ዕረፍት ይሞላል። በቤዝና በድራም ምት ላይ የቆመው የዳንስ ሙዚቃ ፋንክ ግን ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱን ለማዋሃድ የተነሳ ባንድ አዲስ ነገር ከመጨመሩ በፊት ከነባሩ መቀነስ አለበት። ብዙ ሙከራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ባንጆው እንደለመደው ይሞላል፣ ድራም ይጨመርበታል፣ ከዚያ ማንም ማንን መስማት አይችልም።

መንገዱን የጠረጉ አሉ። በ1971 የተመሠረተው ኒው ግራስ ሪቫይቫል የተባለው ባንድ እና የባንጆ ተጫዋቹ ቤላ ፍሌክ በ1988 ባንጆውን ከቪክተር ዉተን ኤሌክትሪክ ቤዝ ጋር ያገናኘበት ፍሌክቶንስ የተባለው ባንድ ሁለቱም ቢደመጡ ብዙ ያስተምራሉ።

መጀመሪያ ቤዝና ማንዶሊን ብቻቸውን

የመጀመሪያውን ልምምድ በሁለት ሰው ጀምሩ። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 100 ምት አካባቢ አድርጉ። የፈጣን ብሉግራስ ፍጥነት ለፋንክ አይሆንም፤ ምቱን ለአራት የሚከፍሉት አጫጭር ድምፆች መግቢያ ያጣሉ። ቤዙ 1ኛው ምት ላይ የጂን ኖታ አጥብቆ ይርገጥ፣ 2ኛውን ዝም ይበል፣ ከ3ኛው ቀጥሎ ባለው «እና» ላይ ኤፍ፣ ከ4ኛው ቀጥሎ ባለው «እና» ላይ እንደገና ጂ ይምታ። የፋንክ ዘፋኙ ጄምስ ብራውን ባንዱን ያስጨንቅ የነበረው በ1ኛው ምት ነው፤ እሷ ከላላች የቀረው ሁሉ ይፈርሳል። የብሉግራስ ቤዝ ተጫዋች እጁ በልማድ ወደ 3ኛው ምት ስለሚሄድ 10 ደቂቃ ያህል ሳይቀያይር ይደጋግመው።

ማንዶሊኑ 2ኛውንና 4ኛውን እንደያዘ ይቆያል፤ የስኔር (ደረቅ ድምፅ ያለው የድራም ክፍል) ቦታ የእሱ ነው። የሚለወጠው የእጁ አሠራር ነው። ቀኝ እጅ ሳይቆም በባር (በአራቱ ምት ውስጥ) 16 ጊዜ ወደ ታችና ወደ ላይ ይወዛወዝ፤ ድምፁን የሚከፍተውና የሚዘጋው የግራ እጅ ጣቶች መጫንና መላላት ነው። ቀኝ እጅ ለዝምታ ብሎ ከቆመ ቀጣዩ ምት ዘግይቶ ይመጣል።

ሁለቱ ሲይዙ ባንጆውን አስገቡ። የባሩን 16 ክፍልፋዮች እየቆጠረ በ1፣ 4፣ 7፣ 11 እና 14 ላይ ብቻ ይምታ፣ የቀኝ መዳፉን ጠርዝ ብሪጁ አጠገብ አሳርፎ ድምፁን ያሳጥር። የስክራግስ ጥቅል (ሦስቱ ጣቶች በተራ ክሮቹን የሚመቱበት አሠራር) በሦስት በሦስት የሚሄድ ስለሆነ ይህ ለጣቱ ባዕድ አይሆንም፤ ከጥቅሉ የተወሰኑትን ድምፆች መዝለል ነው።

ለእያንዳንዱ ዜማ አስቀድማችሁ አንድ ነገር ወስኑ፦ ክፍልፋዮቹ እኩል ናቸው ወይስ እንደ ጃዝ ስዊንግ አንዱ ረዝሞ ሌላው ያጥራል? ባንጆው እያነጠረ ድራሙ እኩል ከመታ እያንዳንዱ ምት ሁለት ጊዜ የተመታ ይመስላል። አድማጩ ስህተቱን ባይለየውም እግሩ መምታቱን ያቆማል።

የጃዙን ኮርድ በሁለት ድምፅ

ጃዝ ለመጨመር ብሎ ስድስት ድምፅ ያለው ኮርድ (በአንድነት የሚመቱ ድምፆች) በጊታር፣ በማንዶሊንና በባንጆ በአንድ ጊዜ መምታት ድምፁን ያጨቀየዋል። የኮርዱን 3ኛና 7ኛ ድምፅ ብቻ ያዙ፤ ሥሩን፣ ማለትም ኮርዱ የተሰየመበትን ድምፅ፣ ቤዙ ይሰጣል። በማንዶሊን ሞክሩት። ለጂ7 በዲ ክር 3ኛ ፍሬት (ኤፍ)፣ በኤ ክር 2ኛ ፍሬት (ቢ) ያዙ። ያንኑ ቅርጽ አንድ ፍሬት ወደ ታች ብታወርዱት ሲ7 ይሆናል (ኢ እና ቢ ፍላት)። ከጂ7 አንድ ፍሬት ወደ ላይ ብታወጡት ዲ7 ነው (ኤፍ ሻርፕ እና ሲ)። በሁለት ጣትና በአንድ ፍሬት እንቅስቃሴ የብሉግራስ ሦስቱ ኮርዶች ፋንክ ሆነው ያርፋሉ።

የባንጆው አጭር አምስተኛ ክር ሁልጊዜ ጂ ይጮኻል። በጂ7፣ በሲ7 እና በኤ ማይነር 7 ላይ ያምራል፤ በዲ7 ላይ ግን ከኤፍ ሻርፕ ጋር ይጋጫል። እዚያ ዝለሉት።

ሶሎ ሲመጣ

ማንዶሊኑ ሶሎ ሲጀምር ባንዱ ስኔሩን ያጣል። ተተኪው አስቀድሞ ይታወቅ። ጥሩው አማራጭ ቫዮሊን ነው፦ ደጋኑን ከእጀታው አጠገብ ይዞ ክሩ ላይ ከላይ ወደ ታች ጣል በማድረግ የሚሠራ ደረቅ ምት አለ፤ ሪቻርድ ግሪን በ1960ዎቹ የጀመረው ነው። የሶሎውን ርዝመትም ተነጋገሩ። ብሉግራስ አንድ ዙር ብቻ ይሰጣል፣ ጃዝ ይደጋግማል፤ ተጫዋቹ ሊጨርስ 4 ባር ሲቀረው ምልክት ይስጥ።

ድምፅ ማጉላት

ባንዱ አንድ ማይክ ከብቦ የሚጫወትበት የጥንቱ መንገድ ድራም ካለ አይሠራም፤ ማይኩ ከሁሉ አስቀድሞ ድራሙን ይሰማል። ለእያንዳንዱ መሣሪያ ፒክአፕ (ከመሣሪያው ጋር ተያይዞ ድምፁን የሚቀበል) ያስፈልጋል። የፒኤዞ ፒክአፕ (የመሣሪያውን ንዝረት የሚቀበለው ዓይነት) ቢያንስ 1 ሜጋኦም መግቢያ ያለው ፕሪአምፕ (ቅድመ ማጉያ) ይፈልጋል፤ በቀጥታ ሚክሰር ላይ ከተሰካ ወፍራሙ ድምፅ ጠፍቶ ቆርቆሮ የሚመታ ይመስላል።

ሚክሰሩ ላይ ሎው ከት (ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጥ ማጣሪያ) ተጠቀሙ፦ ለማንዶሊንና ለቫዮሊን 150 ሄርትዝ፣ ለባንጆ 120፣ ለጊታር 80። ከዚያ በታች መሣሪያዎቹ የሚያወጡት የሙዚቃ ድምፅ የለም፤ የሚገባው የቤዝና የኪክ ድራም ጉርምርምታ ነው። የባንጆው ገጽ እንደ ከበሮ የተወጠረ ስለሆነ የስፒከሩን ድምፅ ይዞ ይርገበገባል፤ ከገጹ ጀርባ፣ በገጹና በውስጠኛው ዘንግ መካከል የታጠፈ ጨርቅ አስገቡ። የደብል ቤዙን የኤፍ ቅርጽ ቀዳዳዎች በስፖንጅ ድፈኑ። ፊድባክ (የስፒከሩ ድምፅ ተመልሶ እየገባ መጮኹ) ከቀጠለ በፒክአፑ ፕሪአምፕ ላይ ያለውን የፌዝ ቁልፍ (የድምፁን ሞገድ የሚገለብጠውን) ገልብጡ፤ ይህ ካልረዳ የጮኸውን ፍሪኩዌንሲ ብቻ በጠባቡ ቀንሱ። ለጊታር አብዛኛውን ጊዜ 100 ወይም 200 ሄርትዝ አካባቢ ይገኛል።

ድራመሩ በዱላ ፋንታ ብሩሽ ይያዝ፣ ስኔሩ ላይ ጨርቅ ይጣል። ሳውንድ ቼክ ላይ ድራሙን መጨረሻ አስገቡ፤ ማንዶሊኑ ሳይጨመርለት ከመድረኩ ማዶ እስኪሰማ ድረስ ድራመሩ ይቀንስ።