ትምህርት ቤት በተማሪዎቹ ንግድ ራሱን ሲችል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፓራጓይ ውስጥ፣ ከዋና ከተማዋ ከአሱንሲዮን ብዙም ሳይርቅ፣ ሳን ፍራንሲስኮ የሚባል የእርሻ ትምህርት ቤት አለ። ተማሪዎቹ የድሃ ገበሬ ልጆች ናቸው። አይብ ይሠራሉ፣ እንቁላልና አትክልት ይሸጣሉ፣ ግቢው ውስጥ ባለው ሆቴል እንግዳ ያስተናግዳሉ። ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ላሳል የተባለው የካቶሊክ ማኅበር ወንድሞች ነበር። (አዲስ አበባ ያለውን የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት የሚያስተዳድሩትም የዚሁ ማኅበር ወንድሞች ናቸው።) በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፈንዳሲዮን ፓራጓያ የተባለ ድርጅት ተረከበው። በ2007 የዓመት ወጪውን ከራሱ ሽያጭ መሸፈን ቻለ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ይህን የሰማ ርዕሰ መምህር ወዲያው ዶሮ መግዛት ያምረዋል። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ በትክክል ሲሠራ ልጅን የሚለውጥ ትምህርት ነው። ግን የሚበላሽባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው።

ገንዘቡን በመጀመሪያው ዓመት መጠበቅ

ሳን ፍራንሲስኮ ራሱን እስኪችል ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ያውም መሬትና ሕንፃ ይዞ ነው የተነሳው። ቡከር ቲ. ዋሽንግተን በ1881 ሥራ ያስጀመረው፣ በአሜሪካ አላባማ ያለው የቱስኪጊ ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። ተማሪዎቹ ጡብ ማምረት ሲጀምሩ ሦስት ጊዜ የተኮሱት ጡብ ተበላሸባቸው። ለአራተኛው ገንዘብ ስላልነበረ ዋሽንግተን ሰዓቱን አስይዞ ተበደረ። አራተኛው ተሳካ፤ ጡቡም ለአካባቢው ሰው ሁሉ የሚሸጥ ሆነ። ስለዚህ የመምህር ደመወዝ በመጀመሪያው ዓመት ሽያጭ ላይ አይታቀድ። መጀመሪያ ትንሽ ወጪ ይሸፈን፤ ጠመኔ፣ ወረቀት፣ የቤተ ሙከራ ዕቃ።

ወጪውን አሳንሶ መቁጠር

ብዙው ሙከራ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። የዶሮን ነገር እንውሰድ። 100 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች በቀን ከ11 እስከ 12 ኪሎ መኖ ይፈጃሉ። በጫጩትነት ከተገዙ እንቁላል እስኪጀምሩ አምስት ወር ገደማ አለ። በዚያ ጊዜ ሁሉ ወጪ እንጂ ገቢ የለም። ክትባት አለ፣ የሚሞቱ አሉ፣ ለወለሉ የሚነጠፍ ጭድ አለ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ግን የዕለቱን መኖና የዕለቱን እንቁላል ብቻ ይመዘግቡና «አተረፍን» ይላሉ። ውኃና መብራቱ ከትምህርት ቤቱ በጀት ነው፤ አልተቆጠረም። መምህሩ ቅዳሜና እሑድ የሚያጠፋው ጊዜም አልተቆጠረም። ዶሮዎቹ አርጅተው ሌላ መግዛት ሲያስፈልግ ካዝናው ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ከዚያ ደግሞ የቀን መቁጠሪያው አለ። ትምህርት ቤት ሐምሌና ነሐሴ ይዘጋል፤ ዶሮ መብላቷን አታቆምም። በእነዚያ ወራት ማን ይመግባል? በእኛ አገር ጾሙም አለ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ወተትና እንቁላል ገዢ ያጣል፤ ፋሲካ ሲደርስ ዋጋው ይሰቀላል። ጫጩቶቹ መቼ ይግቡ የሚለው ጥያቄ ከዚህ ተነስቶ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው የሚመለሰው።

ይህን ሒሳብ የሚሠራው ሒሳብ ሹሙ ብቻ ከሆነ ትልቅ ዕድል አመለጠ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ይሥሩት። የአንዱን እንቁላል እውነተኛ ወጪ ራሳቸው ያውጡት። ከዚህ የተሻለ የሒሳብ ትምህርት አላውቅም።

ተማሪውን የጉልበት ሠራተኛ ማድረግ

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ጁሊየስ ኔሬሬ በ1967 በታንዛኒያ «ትምህርት ለራስ መቻል» የሚል ፖሊሲ አወጡ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት እርሻ እንዲኖረው፣ ተማሪዎችም በውሳኔው እንዲሳተፉ ነበር ምኞታቸው። በተግባር ግን በብዙ ቦታ ልጆቹ የሚቆፍሩት ሌላው ያዘዘውን ሆነ፤ ቁፋሮው ራሱ የቅጣት መሣሪያ የሆነባቸውም ነበሩ። ጋንዲም በ1937 የልጆች የእጅ ሥራ ሽያጭ የመምህሩን ደመወዝ ይሸፍን የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ዕቅዱን ያረቀቀው በዛኪር ሁሴን የተመራው ኮሚቴ ራሱ አደጋውን አስቀድሞ አይቷል፤ መምህራን ትምህርቱን ትተው ከልጆች የቻሉትን ያህል ጉልበት ወደ መጭመቅ ሊሄዱ ይችላሉ ብሎ አስጠንቅቋል።

መለያው ቀላል ነው። ልጁ ሥራውን ከለመደ በኋላ ወደ ሌላ ሥራ ይዛወራል ወይስ ጎበዝ ስለሆነ እዚያው ይቀራል? አይብ በመሥራት የተካነች ልጅ ዓመቱን ሙሉ አይብ ብትሠራ ለሽያጩ ጥሩ ነው፤ ለእሷ ግን ትምህርቱ ቆሟል። ሳን ፍራንሲስኮ አንድ ሳምንት ክፍል፣ አንድ ሳምንት መስክ እያለ ነው የሚያስተምረው። ትዕዛዝ ስለበዛ የክፍሉ ሳምንት መሰረዝ የለበትም። ያረፈደን ወይም የረበሸን ተማሪ ደግሞ ወደ ማሳው መላክ በፍጹም አይገባም። ሥራ ቅጣት መሆኑን ያየ ልጅ ገበሬነትን አይመኝም።

ኪራይን የተማሪ ንግድ ብሎ መጥራት

በከተሞቻችን አጥራቸውን ወደ ሱቅ ቀይረው የሚያከራዩ ትምህርት ቤቶች አሉ። ንጹሕ ገቢ ነው፤ ነውር የለበትም። ተማሪው ግን ምንም አልተማረበትም። ሱቁን ተማሪ እየጠበቀ ዋጋውን፣ ዕቃውንና ደንበኛውን መምህር ከወሰነም ልዩነቱ ብዙ አይደለም። ተማሪዎች ዋጋ ይቁረጡ፤ አንዳንዴም ይሳሳቱ። የአንድ ሳምንት ዳቦ ሳይሸጥ ቢቀር ትምህርት ቤቱን አያፈርስም።

ወላጅን ገበያ ማድረግ

ወላጅ በይሉኝታ ይገዛል። ወር ሁለት ወር ይገዛል፣ ከዚያ ይደክመዋል። መንገድ አላፊው ቀምሶ ነገ ከተመለሰ ነው ምርቱ ምርት የሚባለው።

ስለ ገንዘቡ ቀድሞ አለመነጋገር

የመጀመሪያው ሽያጭ ሳይካሄድ በፊት በጽሑፍ የሚሰፍሩ ነገሮች አሉ። ማን ይፈርማል? ምን ያህሉ ለቀጣዩ ዙር ይቀመጣል? ምን ያህሉ ለተማሪዎቹ ይደርሳል? ደረሰኝ ይቆረጥ፣ የወሩ ሒሳብ ተማሪው በሚያልፍበት ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ከወረዳው ወይም ከደጋፊው ድርጅት ጋርም ስምምነት ያስፈልጋል። ትምህርት ቤቱ ገቢ አገኘ ተብሎ በዚያው ልክ በጀቱ ከተቀነሰ የልጆቹ ላብ የተማሩበትን ክፍል አላሻሻለም፤ የሌላውን ወጪ ነው የሸፈነው። ስለዚህ በጀቱ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደማይነካ በደብዳቤ ይረጋገጥ፤ ጫጩቱ ከዚያ በኋላ ይገዛ።