ባሕር ላላየ ተማሪ ቶኬላውን ማስተማር

ደብረ ማርቆስ ላይ ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በፊት በፊት ስለ ትንንሽ የደሴት ግዛቶች የማስተምረው ሰሌዳው ላይ ሠንጠረዥ አስምሬ ነበር፦ ስፋት፣ የሕዝብ ብዛት፣ ዋና ከተማ፣ ገንዘብ። ቶኬላው ላይ ስደርስ «ዋና ከተማ» የሚለው ባዶ ቀረ። ልጆቹ የረሳሁት መሰላቸው፤ አንዷ ፈተና ላይ የራሷን ስም ፈጥራ ሞላችው። ጥፋቱ የኔ ነበር። ቶኬላው ዋና ከተማ የላትም፤ ለምን እንደሌላት ደግሞ መሬቷን ሳያዩ አይገባም። አሁን የምጀምረው ከሳፋ ነው።

ሰፊ ሳፋ፣ አንድ ጀሪካን ውኃ፣ መረሬ ጭቃና አንድ ጣሳ ነጭ ጠጠር አዘጋጁ። ቀይ አፈር ቶሎ ይሟሟል፤ መረሬው ግን ይይዛል። ጭቃውን ሳፋው መሐል እንደ ተራራ አቁሙት፤ ይህ ከባሕር ወለል የተነሣ እሳተ ገሞራ ነው። ውኃ እስከ ወገቡ ሙሉና ጠጠሩን በውኃው ጠርዝ ዙሪያውን እንደ መቀነት ደርድሩ። ጠጠሩ ኮራል ነው፣ ትንንሽ የባሕር እንስሳት የሚገነቡት ድንጋይ፤ ብርሃን ስለሚፈልግ ከውኃው ፊት አይርቅም። ከዚያ ውኃውን በጣሳ እየጨመራችሁ፣ በእያንዳንዱ ጣሳ አንድ ተማሪ እየመጣ ጠጠር በጠጠር ላይ ይደርብ። በእውነተኛው ባሕር ቀስ እያለ የሚሰምጠው ተራራው ነው፤ በሳፋ ግን ውኃውን ከፍ ማድረግ ይቀላል፤ ልዩነቱን ንገሯቸው። በመጨረሻ ተራራው ይጠፋና የጠጠሩ ቀለበት ብቻ ይቀራል፣ መሐሉ ውኃ። ይህ አቶል ይባላል። ቶኬላው እንዲህ ያሉ ሦስት ቀለበቶች ናት፦ አታፉ፣ ኑኩኖኑና ፋካኦፎ። ሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ነው ያሉት፣ ከሳሞአ በስተሰሜን 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው።

ቁጥር የሚመጣው አሁን ነው። የሦስቱ መሬት ተደምሮ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣና ላይ ያለችው ደቅ ብቻዋን ትበልጣለች። ከፍታቸው ከባሕር ጠለል 5 ሜትር ያህል ነው። በመስኮት የጮቄን አቅጣጫ አሳዩአቸውና ያወዳድሩ። ነዋሪው 1,500 ገደማ ነው፤ ኒው ዚላንድ ውስጥ ግን ከ8,000 በላይ የቶኬላው ተወላጅ ይኖራል።

እዚህ ላይ «የሚጠጡት ከየት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የኛ ልጆች ሁልጊዜ «ከምንጭ» ይላሉ፤ የጎጃም ልጅ ሌላ ምን ይበል! ወንዝም ምንጭም የለም። የጣሪያ ዝናብ በታንከር ያጠራቅማሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ዝናቡ ሲቀር የአስቸኳይ ጊዜ ታውጆ ውኃ ከውጭ ገባላቸው። አውሮፕላን ማረፊያም የላቸውም፤ መርከብ ከሳሞአ ዋና ከተማ ከአፒያ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ትጓዛለች፤ ኮራሉን ማለፍ ስለማትችል ውጭ ቆማ ሰውና ዕቃ በትንንሽ ጀልባ ይመላለሳል።

ይህን ካዩ መንግሥቱ አይከብዳቸውም። በአቶልና በአቶል መካከል ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ባሕር አለ፤ ታዲያ አንዱን ዋና ከተማ ማድረግ ሌሎቹን መጉዳት ነው። እያንዳንዱ አቶል «ታውፑሌጋ» የሚባል የሽማግሌዎች ሸንጎ አለው። የሦስቱ የጋራ ምክር ቤት «ጄኔራል ፎኖ» ነው። መሪው «ኡሉ» ይባላል፤ ሹመቱ በየዓመቱ ከአቶል ወደ አቶል ይዞራል። እኔ የማስረዳው በጽዋ ማኅበር ነው፤ ጽዋው በተራ በየቤቱ እንደሚዞር። ከዚህ በኋላ ማንም ልጅ ዋና ከተማዋን ጠይቆኝ አያውቅም።

ከሁሉ በላይ ያለችው ኒው ዚላንድ ናት። ሕዝቡ ራሱን ችሎ ከእርሷ ጋር በትብብር ይኑር ወይ ተብሎ ሁለት ጊዜ ድምፅ ተሰጠ። ሁለተኛውን ሰሌዳ ላይ አስሉት፤ እኛ ሚሊኒየሙን ባከበርን ማግሥት፣ ጥቅምት 2000 ዓ.ም. ነበር። 692 ሰው ድምፅ ሰጠ፣ 446ቱ «አዎ» አለ፣ የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ነበር። ስንት ጎደለ? ልጆቹ 16 ላይ ሲደርሱ ክፍሉ ይንጫጫል፤ 16 ሰው እኮ ሁለት ረድፍ ዴስክ ነው።

ኢኮኖሚውን ከአፈሩ ጀምሩ። ስስ የኮራል አሸዋ ነው፤ ኮኮናት፣ የዳቦ ፍሬና የታሮ ዓይነት ሥራሥር ያበቅላል እንጂ ጤፍ አያውቅም። ሀብቱ ባሕሩ ነው። ቶኬላው የምታዝበት ውኃ 318,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የአማራ ክልልን ሁለት እጥፍ ያህል፤ ቱና ለማጥመድ የሚገቡ የውጭ መርከቦች የፈቃድ ክፍያ ይከፍላሉ። ቀሪውን በጀት በአብዛኛው ኒው ዚላንድ ትሸፍናለች፤ ገንዘቡም የእርሷ ዶላር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከናፍጣ ጄኔሬተር ወደ ፀሐይ ኃይል መዞራቸውንም ጨምሩ።

«ኢናቲ»ን ግን አትዝለሉ፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢወስድም ይገባዋል። በጋራ የተጠመደ ዓሣ ዳርቻው ላይ ይዘረገፍና በየቤተሰቡ የሰው ቁጥር ይከፋፈላል። ልጆቹን ቅርጫ አስታውሷቸው፦ በሬው ታርዶ፣ መደቡ ተመድቦ፣ ዕጣ ሲጣል። ከዚያ ልዩነቱን ራሳቸው ይፈልጉት። አንድ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ቅርጫ ያላዋጣ አይገባም፤ እነሱ ጋ ግን ያላጠመደውም ይደርሰዋል» አለ። ባልቴቷም ሕፃኑም ይቆጠራሉ። ይህ እኔ ከቶኬላው ሁሉ አብልጬ የምወደው ነገር ነው።

ፈተና ላይ የማወጣው አንድ ጥያቄ ነው፦ «መርከቧ ለሦስት ወር ብትቀር የፋካኦፎ ሰው ምን ይበላል፣ ምንስ ያጣል?» ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ «ሩዝና ነዳጅ ያጣሉ፤ ዓሣና ኮኮናት ግን አያጡም፣ ዝናብ ከዘነበ» ብላ ጻፈች። «ዝናብ ከዘነበ» የሚለውን በቀይ አስምሬ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።