ከሰል በፌስታል ማያያዝ ይብቃ፤ ማያያዣውን ቤት እንሥራው

ሐዋሳ ክረምቱ ሲገባ ከሰል ማያያዝ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከሰሉ እርጥበት ይስብና ብታራግቡት ባታራግቡት አይሰማም። ያኔ እጅ ወደ ፌስታል ይሄዳል። ቶሎ ይይዛል፣ እውነት ነው፤ ግን ጭሱ መርዝ ነው፣ ላስቲኩም ከሰሉ ላይ ቀልጦ ይለጠፍና ሽታው እስከ ቶና ድረስ አይለቅም። ነጭ ጋዝ ደግሞ ብር ነው።

የሚያስፈልገው ሁሉ ቤት አለ። የእንቁላል ትሪ (ካርቶኑ እንጂ ፕላስቲኩ አይደለም)፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚተርፈው የሻማ ቁራጭ፣ እና ሰጋቱራ። ሰጋቱራውን ከሰፈር እንጨት ሥራ ቤት ጠይቁ፤ የሚከለክላችሁ ያለ አይመስለኝም። ብቻ የቺፑድና የኤምዲኤፍ ብናኝ እንዳይሆን፣ ሙጫ አለበት። ቀለም የተቀባ እንጨትም ይቅር። ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁት።

አሁን ሻማው። በቀጥታ እሳት ላይ እንዳትጥዱት! ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ውስጥ ጨምሩት፣ ጣሳውን ውኃ ያለበት ድስት ውስጥ አቁሙት፣ እሳቱን አሳንሱት። ሻማ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሚቀልጥ ውኃው መንተክተክ እንኳ አያስፈልገውም። ምናልባት ሰሙ እሳት ከያዘ ውኃ እንዳትደፉበት፣ ነበልባሉ ወደ ላይ ይፈነጥቃል፤ ክዳን ግጠሙበትና ምድጃውን አጥፉ። ልጆች ከአካባቢው ይራቁ።

ትሪው 30 ጉድጓድ አለው። እያንዳንዱን ከግማሽ ትንሽ አለፍ አድርጋችሁ በሰጋቱራ ሙሉት፣ ግን አትጠቅጥቁት፣ አየር ካላገኘ አይነድም። ከዚያ ሰሙን በቀስታ አፍስሱ። ሰጋቱራው ረጥቦ ካብረቀረቀ በቃ፤ ሰሙ ከላይ ከተኛበት አብዝታችኋል። የካርቶኑ ጠርዝ ሰም ሳይነካው ይቅር፣ ክብሪቱን የሚቀበለው እሱ ነው። ሲረጋ በመቀስ አንድ በአንድ ቁረጡ።

ስታያይዙ አንዱን ማንደጃው መሃል አስቀምጡና ጠርዙን ለኩሱ። ደቃቅ ደቃቁን ከሰል ዙሪያውን ላላ አድርጋችሁ ደርድሩ፣ ትልልቁን ከላይ። ማራገቢያውን ለማንሳት አትቸኩሉ፤ ሰጋቱራው ቀስ ብሎ እንዲነድ ተዉት፣ የከሰሉ ጫፍ ሲቀላ ነው ማራገብ። ጀበናው የሚጣደው ማያያዣው ነዶ ካለቀና ጭሱ ከጠፋ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ደጅ አድርጉት፤ በር ተዘግቶ ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰው ይገድላል።

ሰጋቱራ ካጣችሁ የበቆሎ ቆረቆንዳም ግሩም ነው። እሸት የተበላበትን አድርቁና ጫፉን ሰም ውስጥ ንከሩት። የደረቀ የብርቱካን ልጣጭም ዘይት ስላለው ያለ ሰም ይያዛል፣ ሽታውም ደስ ይላል። ብቻውን ግን እርጥብ ከሰል አይችልም።

የተሠራውን ክዳን ባለው ጣሳ አስቀምጡ። አዳማ ያላችሁ ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እንዳታደርጉት፣ በዚያ ሙቀት ይለሰልስና እርስ በርሱ ይጣበቃል። የተረፈ ሰም ካለ የእጅ መታጠቢያ ላይ አትድፉ፣ ቱቦው ውስጥ ረግቶ ይደፍነዋል። እዚያው የድልህ ጣሳ ውስጥ ይርጋና ለሚቀጥለው ዙር ይቆይ።