ፍሬውን ተዉትና ቅርንጫፉን እዩ

ክረምቱ ወጣ ማለት ሲጀምር ስልኬ በፎቶ ይጥለቀለቃል። መዳፍ ላይ የተቀመጠ ጠቆር ያለ ፍሬ፣ ከሥሩ «ይበላል?» የሚል ጥያቄ። አቦ፣ መዳፍህን ምን ላድርገው? ዛፉ የታለ?

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስትወጡ፣ ደንገጎ ዳገት ላይ ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ አጋምም ምረንዝም አለ። ምረንዝ ኦሮምኛ ተናጋሪው ቀራሩ የሚለው ነው። ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው፤ ቅጠላቸው ወፈር ያለ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ትይዩ የሚወጣ፣ አበባቸው ነጣ ያለና ሽታው የሚጣፍጥ፣ ፍሬያቸው ቀልቶ ቀልቶ የሚጠቁር። አጋሙን ልጆች ለቅመው ይበሉታል። የምረንዙ ጭማቂ ግን በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ቀስት ሲመርዙበት የኖሩት ነው፤ ልብ ያቆማል። «በስሎ የሚበላበት አገር አለ» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ይበላ እንግዲህ፣ እኔ በልጅ አፍ አልሞክረውም።

መለያው እሾህ ነው። አጋም አለው፣ ምረንዝ የለውም። ይህን የነገርኳቸው ሰዎች እንኳ ይሳሳታሉ። አንድ ተማሪ ጭብጥ ሙሉ ፍሬ ይዞ መጣና «እሾህማ አለው፣ ይኸው ወግቶኛል» ብሎ የተቧጨረ ክንዱን አሳየኝ። ሄደን ስናይ የወጋው በመሃል የተጠላለፈ ግራር ነው፤ ፍሬው የተለቀመው ከምረንዙ። ስለዚህ ፍሬው ከተንጠለጠለበት ጀምራችሁ በጣታችሁ ቅርንጫፉን ተከተሉት። እሾሁ እዚያው ቅርንጫፍ ላይ፣ ቅጠሉ ከሚወጣበት አንጓ ጥንድ ሆኖ መውጣት አለበት። አንድ ቅርንጫፍ አይበቃም፣ ሦስት አራት ቦታ እዩ። ካላገኛችሁ ተዉት፤ ክርክር የለውም።

«ስሰብረው ነጭ ወተት ወጣ፣ መርዝ ነው» የሚሉም አሉ። አጋምም ወተት ያወጣል።

ወፍ ከበላው ሰውም ይበላዋል የሚለው ደግሞ የሚያናድደኝ ነው። የወፍ ቆሎ ስሙ ራሱ እየነገራችሁ! ከአሜሪካ ምድር የመጣ ወራሪ ቁጥቋጦ ነው፤ ወፍ ዘሩን እየበተነው ሜዳውን ሁሉ ሞላው፤ ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬ መርዛማ ነው፣ ቅጠሉም ከብት ያሳምማል። ስለ ምረንዝም ልጨምር፦ በአካባቢያችን አገሮች የምትገኝ አንዲት ጸጉራም ትልቅ አይጥ ልጡን አኝካ ጎኗ ላይ ያለውን ጸጉር ትቀባዋለች፣ እሷ ደህና ናት፤ የነከሳት ውሻ ግን ሊሞት ይችላል።

መርዛማውን እምቧይ ቢጫ ስለሆነ ብቻ የሚበላው እንኮይ ነው ብሎ መልቀምም አለ። ይህንንስ ምን ልበል።

ፍሬው የሚበላው የቁርቁራ ዛፍ ላይ ብዙም አትሳሳቱም፤ ድሬ ያደገ ሰው በጥላው ነው የሚያውቀው። ለሚጠራጠር ግን፣ ቅጠሉ ከሥሩ የሚነሱ ሦስት ጅማቶች አሉት፤ ከእሾሆቹ አንዱ ቀጥ ያለ፣ ጓደኛው የተቆለመመ ነው። ቅጠሉን በውሃ እሹት፣ አረፋ ያወጣል፤ ገበያ ላይ ቀሲል ተብሎ የሚሸጠው የዚሁ ቅጠል ዱቄት ነው። እሾሁ አረንጓዴና ቀጥ ያለ፣ ቅጠሉ ሁለት ሁለት ከሆነ በደኖ የሚባለውን ሌላ ዛፍ ነው ያገኛችሁት።

የቁርቁራ ስህተት የሚመጣው ሲተከል ነው። «የበረሃ ዛፍ ነው፣ ውሃ አይፈልግም» ይላሉ። ትልልቆቹን ቁርቁራዎች የአሸዋ ወንዝ ዳር የምታዩዋቸው ለምን ይመስላችኋል? ሥራቸው ወርዶ የከርሰ ምድር ውሃ ስለሚያገኝ ነው። ችግኙ እዚያ እስኪደርስ ማጠጣት ግድ ነው። ፕላስቲክ ውስጥ ብዙ የቆየ ችግኝም አትግዙ፤ ዋናው ሥር ከታች ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ፣ እንዲህ ያለው ወደ ታች መውረድ ይቸግረዋል።

ፍሬው የሚጎመዝዘውን ሁመር ከድሬዳዋ ወስዶ ሐረር መትከልም አለ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900። ሁመር ብርድ አይወድም፤ ቢበቅል እንኳ ፍሬውን አትጠብቁ። እንኮይን ደግሞ ብቻውን ባዶ ቦታ አትትከሉት። ሥሩ ከሌላ ተክል ሥር ላይ ተጣብቆ የሚስብ ከፊል ጥገኛ ስለሆነ አጠገቡ ጎረቤት ይሻል።

ሐረር ላሉት ኮሽም የሚባለው እሾሃም የፍሬ ዛፍ ይሻላቸዋል፣ ደጋውን ይወዳል፣ አጥርም ይሆናል። ግን አንድ ችግኝ ተክላችሁ «መካን ነው» ብላችሁ እንዳትቆርጡት። ኮሽም ወንዱና ሴቴው የተለያየ ዛፍ ነው፤ እስኪያብብ ደግሞ አይለይም። አምስት ስድስት አድርጋችሁ ትከሉ፤ ሲያብቡ ከወንዶቹ አንድ ሁለት አስቀርታችሁ የተረፉትን ታነሳላችሁ።