የለጋሾቻችሁን ስም ከደብተርና ከቫይበር አውጥታችሁ ሲቪሲአርኤም ላይ እንዴት ታስገባላችሁ

እዚህ አሜሪካ ያለን ማህበሮች፣ የአገር ቤት ተማሪ የሚያግዝም ይሁን ክሊኒክ የሚረዳ፣ ሁላችንም ጋ ያለው ነገር አንድ ነው። የገንዘብ ያዡ ኤክሴል አለ፣ የጸሐፊዋ ደብተር አለ፣ ቫይበር ላይ "50 ዶላር በዜል ልኬያለሁ" የሚል ስክሪንሾት አለ፣ ከዛ ደሞ እራት ፕሮግራም ላይ በፖስታ የተሰበሰበ ካሽ። ታክስ ሰአት ሲደርስ ሰው ሁሉ ደረሰኝ ይላል። ትንሽ ከፍ እንበል ብላችሁ ፋውንዴሽን ስትጠይቁ ደሞ "አምና ስንት ሰው ሰጣችሁ፣ ስንቱስ ዘንድሮ ደገመ" ሲሏችሁ እርስ በርስ መተያየት ነው።

እኔ የምለው ሲቪሲአርኤምን (CiviCRM፣ የለጋሽና የመዋጮ መመዝገቢያ ሶፍትዌር) ሞክሩ ነው። ኦፕን ሶርስ ነው (ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው)፣ ከ2005 ጀምሮ ያለ፣ ዎርድፕረስ ወይ ድሩፓል የሚባሉት የዌብሳይት መስሪያዎች ላይ ይጫናል፣ የዊኪፒዲያ ባለቤት ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን እንኳን ለጋሾቹን የሚመዘግበው በሱ ነው። ለሶፍትዌሩ አትከፍሉም፣ ለሆስቲንግ (ለሚቀመጥበት ሰርቨር ኪራይ) ግን ትከፍላላችሁ፣ ባክአፕና አፕዴት የሚከታተል ሰውም ይፈልጋል። ዎርድፕረስ የነካ አንድ ልጅ ከሌላችሁና ለጋሻችሁ 60 ሰው ከሆነ አትልፉ፣ ኤክሴላችሁን ብቻ አስተካክሉ።

እሺ፣ ከመጫን በፊት ስም ማጽዳት። ይሄን ሁሉም ይዘለዋል፣ እኔም ዘልዬው ነው የተቀጣሁት፣ ኤክሴሉን እንዳለ አስገብቼ አንድ ሰውዬ አራት ቦታ ወጣልኝ። ጸሐይን አንዱ በጸሎቱ ጸ ይጽፋታል ሌላው በፀሐዩ ፀ፣ ለኛ አንድ ናት ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው። በላቲን ሲሆንማ አይነሳ። ላስት ኔም ደሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ ባልና ሚስት የየራሳቸውን አባት ስም ነው የሚይዙት፣ አንዳንዱ ደሞ ፓስፖርቱ ላይ አያቱ ገብተዋል። መፍትሄው፦ ስሙን ቼኩና መታወቂያው ላይ እንዳለው ያዙ (ደረሰኙ ለታክስ ነው የሚሄደው)፣ ባልና ሚስቱን ለየብቻ መዝግቡና ሃውስሆልድ በሚለው አንድ ቤት አርጓቸው።

ከዛ ኤክሴሉ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቁጥር ስጡ። ሲቪሲአርኤም ላይ ኤክስተርናል አይዲ የሚባል ቦታ አለ፣ ቁጥሩ እዛ ይገባል፣ በኋላ መዋጮውን ስታስገቡ ከስም ጋር ሳትታገሉ በዛ ቁጥር ይገናኛል። ደጋሚ ስም የሚፈልገውን ህግ ደሞ ከኢሜል አውጥታችሁ ስልክና መጠሪያ ስም ላይ አድርጉት፣ እናቶቻችን ኢሜል የላቸውም ስልክ ግን አላቸው፣ በ1 የሚጀምረውንና የማይጀምረውን ቁጥር ግን አንድ አይነት አድርጉ።

ፋይሉን ሲኤስቪ ዩቲኤፍ 8 ብላችሁ ሴቭ አድርጉ፣ ካልሆነ ግዕዙ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። መጀመሪያ 10 ሰው ብቻ አስገቡ፣ ሲያስገቡም አዲስ ግሩፕ ውስጥ ይግባ በሉት፣ ከተበላሸ ግሩፑ ውስጥ ያሉትን ሰዎች መርጦ ማጥፋት ነው። መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ መዋጮ፣ አንድ ላይ አይሆንም።

በሲቪሲአርኤም የመዋጮ ገጽ በካርድ የሚገባው በስትራይፕ ወይ ፔይፓል በኩል ራሱ ይመዘገባል። ዜል፣ ቼክና ካሽ ግን በእጅ ነው፣ በሳምንት አንዴ ባች ኢንትሪ በሚለው አስገቡት፣ ስንት ሰው ድምሩስ ስንት ብሎ መጀመሪያ ስለሚጠይቅ ሂሳቡ ካልገጠመ ይነግራችኋል። እና ሶፍት ክሬዲት የሚባለውን እንዳትረሱ። አንዷ ከ12 ሰው ሰብስባ በራሷ ዜል ከላከች ብሩ ባሥራ ሁለቱ ስም ይገባል፣ እሷ ሰብሳቢ ተብላ ሶፍት ክሬዲት ታገኛለች። ይሄ ለኛ ሰው የተሰራ ነው የሚመስለው!

ደረሰኝ፦ በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዛ በላይ የሰጠ ሰው ከታክሱ ለማስቀነስ የጽሁፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፣ ወይ በምላሹ ምንም እንዳልሰጣችሁት ወይ የሰጣችሁት ነገር ምን ያህል እንደሚያወጣ ይጻፍበት። የእራት ትኬት 100 ዶላር ሸጣችሁ ምግቡ 30 የሚያወጣ ከሆነ የሚቀነሰው 70 ብቻ ነው፣ ክፍያው ከ75 ካለፈ ይሄን መንገር የናንተ ግዴታ ነው። ፒዲኤፉ ላይ አማርኛው ካሬ ካሬ ከሆነ ችግሩ ፎንት ነው፣ ግዕዝ ያለው ፎንት እስኪጫን ደረሰኙን ኢሜሉ ላይ ጽፋችሁ ላኩ።

ፐርሚሽን (ማን ምን ማየት ይችላል የሚለው) ላይ አትቀልዱ፣ እከሌ ስንት ሰጠ የሚለው ወሬ ማህበር ያፈርሳል። ብሩን የሚያዩት ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ይሁኑ።

ይሄ ሁሉ ካለቀ ነው እንግዲህ ሰው ፊት መቅረብ የሚቻለው። ካንዲድ ላይ (የድሮው ጋይድስታር፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች መረጃ የሚታይበት ድረ ገጽ) ፕሮፋይላችሁን በነፃ ሙሉት፣ የሞላችሁት በበዛ ቁጥር ከብሮንዝ እስከ ፕላቲነም ማህተም ይሰጣል፣ ሰጪዎችም እዛ ነው የሚያዩአችሁ። ለፋውንዴሽኑ ጥያቄ ደሞ ላይበንት የሚባለውን ሪፖርት ክፈቱ፣ አምና ሰጥተው ዘንድሮ ዝም ያሉትን በስም ያወጣቸዋል፣ ከአምናዎቹ የቀሩት የደገሙት ናቸው። ዝም ላሉት ደውሉ፣ ግን ከመደወላችሁ በፊት በሰው ዜል የገባውን እዩ። እኔ ሳላይ ለአንድ እናት ደውዬ "ልጄ፣ በእህቴ ልጅ ስልክ ልኬ የለ እንዴ?" ብለውኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።