ከደሴ ተነሥቶ የካንሰርና የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ተመራማሪ ለመሆን

የሰውነት የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ካንሰርን እንዴት እንደሚዋጋና ለምን እንደሚሸነፍ ማጥናት የሚፈልግ የወሎ ተማሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ወደ ውጭ አገር እንዴት እንደሚሄድ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ የተገላበጠ ይመስለኛል፤ በዚህ ሙያ ሰውን ተፈላጊ የሚያደርጉት ጥሩ የምርምር ጥያቄና እጅ የለመደው የላቦራቶሪ ሥራ ናቸው፤ ሁለቱንም ደሴ ላይ ሆኖ መጀመር ይቻላል።

በቅድሚያ የሙያውን ዋና ሐሳብ በሚገባ ይረዱ። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ጤነኛ ያልሆነን ሴል ለይተው የመግደል ችሎታ አላቸው፤ የገዛ አካልን እንዳያጠቁ የሚገቷቸው ሞለኪውሎች ግን በላያቸው ላይ አሉ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል የሚወርድ የጭነት መኪና ያለ ፍሬን እንደማይታሰብ ሁሉ ቲ ሴልም ያለ መግቻ አደገኛ ነው፤ ካንሰር ደግሞ ይህንኑ ፍሬን በመያዝ ራሱን ያድናል። ሲቲኤልኤ-4 የተባለውን ሞለኪውል አንዳንድ ተመራማሪዎች ቲ ሴልን እንደሚያነቃቃ አድርገው ሲመለከቱት፣ አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን መግቻ መሆኑን ካሳዩት አንዱ ነበሩ፤ ሞለኪውሉን በፀረ እንግዳ አካል ሲዘጉት በአይጦች ላይ የነበረ ዕጢ እንደሚጠፋ የገለጹበት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1996 ታተመ። በዚህ መንገድ የተገኘው ኢፒሊሙማብ የተባለ መድኃኒት ሜላኖማ ለተባለው የቆዳ ካንሰር በአሜሪካ የተፈቀደው በ2011 ነው። አሊሰን ፒዲ-1 የተባለውን ሌላውን መግቻ በ1992 ካገኙት ከጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋሩት ደግሞ በ2018 ነው። ከአይጥ እስከ መድኃኒት 15 ዓመት መፍጀቱን ልብ ይበሉ፤ ፈጣን ውጤት የሚወድ ሰው በዚህ ሙያ ይቸገራል።

የትምህርቱ መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። በሕክምና፣ በሜዲካል ላቦራቶሪ ሳይንስ ወይም በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ መጀመር ይቻላል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም የጤና ትምህርቶቹን የሚሰጠው እዚሁ ደሴ ነው። ለማስተርስና ለዶክትሬት በኢሚዩኖሎጂ፣ ማለትም በበሽታ መከላከያ ሥርዓት ጥናት፣ የሚያሠለጥኑትን ጎንደርንና አዲስ አበባን ይመልከቱ። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1970 ሲመሠረት ዓላማው የሥጋ ደዌን ማጥናት ነበር፤ የሥጋ ደዌ መልክ ከሕመምተኛ ሕመምተኛ የሚለያየው በአብዛኛው በቲ ሴሎች ምላሽ ስለሆነ፣ ተቋሙ ከጥንት ጀምሮ የኢሚዩኖሎጂ ቤት ነው። እኔ ብጠየቅ ለሜዲካል ላቦራቶሪ አደላለሁ፤ ናሙናን በእጁ የያዘ ሰው ውጤት ሲበላሽ ምክንያቱን ቶሎ ያያል።

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ። ውድ መሣሪያ ከሌለ የካንሰር ኢሚዩኖሎጂ አይሠራም የሚለው አባባል እውነትነቱ ግማሽ ነው። በሄማቶክሲሊንና በኢኦሲን የተቀለመ ተራ የፓቶሎጂ ስላይድ፣ ማለትም በመስታወት ላይ የተለጠፈ ስስ የዕጢ ቁራጭ፣ ወደ ዕጢው የገቡትን ሊምፎሳይቶች (ቲ ሴሎች የሚገኙባቸውን የነጭ የደም ሴሎች ወገን) ያሳያል፤ በጡት ካንሰር፣ በተለይም በካንሰር ሴሎቹ ላይ የሚመረመሩት ሦስቱ ተቀባይ ሞለኪውሎች (ሪሴፕተሮች) በሌሉት ዓይነት፣ የእነዚህ ሴሎች ብዛት ከሕመምተኛዋ የወደፊት ሁኔታ ጋር የተያያዘ መሆኑ ታውቋል። ከ4 እስከ 5 ማይክሮሜትር ውፍረት የተቆረጠውን ስላይድ መጀመሪያ በአነስተኛ ማጉያ ተመልክተው የዕጢውን ድንበር ይለዩ። ከዚያ ወደ 200 ወይም 400 ጊዜ አሳድገው በካንሰር ሴሎቹ መካከል ያለውን ስትሮማ የተባለ ደጋፊ ሕብረ ሕዋስ ይመልከቱ። ሊምፎሳይት ትንሽ፣ ክብ፣ ኒውክለሱ ጥቁር ሰማያዊ የሆነና በዙሪያው ቀጭን ጠርዝ ብቻ ያለው ሴል ነው፤ ኒውክለሱ የተከፋፈለውን ኒውትሮፊል የተባለ ሌላ ነጭ የደም ሴል ከእርሱ ጋር አይደምሩ። ከስትሮማው ስፋት ምን ያህሉ መቶኛ በሊምፎሳይትና ፀረ እንግዳ አካል በሚያመርተው በፕላዝማ ሴል እንደተሸፈነ ይገምቱ። የሞተውን፣ የተጨፈለቀውንና ከዕጢው ድንበር ውጭ ያለውን ክፍል ይተዉ፤ ዓይን የሚስበውን ሴል የተከማቸበትን አንድ ቦታ ብቻ መርጦ መገመት ደግሞ የጀማሪ ሁሉ ፈተና ስለሆነ አማካዩን ይውሰዱ። ሌላ ሰው የእርስዎን ግምት ሳያይ ያንኑ ስላይድ ይገምት፤ ሁለታችሁ ብዙ ከተራራቃችሁ ቁጥሩ ገና ለጥናት አልደረሰም። በነገራችን ላይ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ስላይድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በፍሪዘር የተቀመጠ ሴል ሲበላሽ ስላይዱ ግን መብራት እስኪመጣ ይጠብቃል።

ቀጣዩ ትምህርት ሴሎችን እየለዩ የሚቆጥሩበት ፍሎው ሳይቶሜትሪ የተባለው ዘዴ ይሁን። ለኤች አይ ቪ ሕሙማን ሲዲ4 የተባለውን የቲ ሴል ዓይነት ለመቁጠር ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት የካንሰር ተመራማሪው በሚጠቀምበት በዚሁ መርሕ ነው፤ ሴሎች የሚያበራ ቀለም በተሸከመ ፀረ እንግዳ አካል ምልክት ተደርጎባቸው አንድ በአንድ በሌዘር ፊት ያልፋሉ። ስለዚህ ሲዲ4 የሚቆጥር ባለሙያ ካገኙ አጠገቡ ቁጭ ብለው ይማሩ።

የምርምር ጥያቄዎን ከአካባቢዎ ይውሰዱ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች በማኅፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች ሴቶች 6 እጥፍ ነው፤ የመከላከያ ሥርዓት ሲዳከም ካንሰር እንዴት መንገድ እንደሚያገኝ ይህ ግልጽ ማሳያ ነው። የአንጀት ትላትሎችም የሰውን የመከላከያ ምላሽ ስለሚገቱ፣ ትላትል በብዛት በሚገኝበት አካባቢ የሚኖር ሕመምተኛ ዕጢ ውስጥ የሊምፎሳይቶች ሁኔታ ምን ይመስላል ብሎ መጠየቅ ለእኛ ቅርብ ነው። ከሌላ አገር ጽሑፍ ላይ ርዕስ ገልብጦ ቦታውን «በደሴ» ብሎ መለወጥ ግን ጥያቄ አይባልም።

ናሙና ከመንካትዎ በፊት የተቋሙን የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያግኙ፤ ናሙናው ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ደግሞ የናሙና ዝውውር ስምምነትና ተጨማሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። የሕመምተኛዋ ፈቃድ የሚጠየቅበት ቋንቋ እርሷ የምትሰማው ይሁን፤ ከከሚሴ በኩል ለመጣች እናት ኦሮምኛ የሚችል ሰው ይፈልጉ። የአማርኛው ቅጽም ቢሆን እንዲህ ቀለል ይበል፦ «እናቴ፣ ለምርመራ ከተወሰደልዎ ሥጋ ላይ የተረፈውን ለጥናት እንድናይ ይፈቅዱልናል? እምቢ ቢሉም ሕክምናዎ አይጓደልም።» ከዚህ በኋላ ዝም ብለው መልሱን ይጠብቁ፤ ሐኪሙ አጠገቧ ቆሞ የሚሰጥ እሺታ ብዙ ጊዜ ከአክብሮት የመጣ ነው።

ለንባብ ፐብሜድ የተባለው የሕክምና ጽሑፎች የኢንተርኔት ማውጫ በነፃ ይገኛል፤ ተቋምዎ ሂናሪ የተባለው የዓለም ጤና ድርጅት መርሐ ግብር አባል ከሆነ ደግሞ በክፍያ የሚነበቡ መጽሔቶችም ይከፈታሉ። አንድን ጽሑፍ ሲያነቡ ከማጠቃለያው በፊት ሥዕሎቹንና የማነጻጸሪያ ቡድኑን ይመርምሩ። ለስታቲስቲክስ አር የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ይልመዱ።

አማካሪ ለማግኘት የሚጽፉት ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ከፕሮፌሰሩ ጽሑፎች አንዱን ጠቅሰው ያልተመለሰ የመሰለዎትን አንድ ነጥብ ያንሡ፤ በእጅዎ የሠሩትን፣ ለምሳሌ የስላይድ ግምትዎን ከሌላ ገማች ጋር ያነጻጸሩበትን ሠንጠረዥ፣ ያያይዙ። የትምህርት ውጤትዎን ብቻ ዘርዝሮ «ነፃ የትምህርት ዕድል ይፈልጉልኝ» የሚል ደብዳቤ መልስ አያገኝም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ምላሽ ካልመጣ አንድ ጊዜ በትሕትና ያስታውሱ፤ ከዚያ ለሌላ ይጻፉ።