ገጣባ ፈረስን ሳይጋልቡ ማሠራት፦ ችግርና መፍትሔ

በታኅሣሥ ወር፣ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲቃረብ፣ ጀርባው የተገጠበ ፈረስ ባለቤት ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ቁስሉ ላይ ጨርቅ ደርቦ ይጭነዋል፣ ወይ ችካል ላይ አስሮ ገብስ ያበላዋል። ሁለቱም ጉዳት ነው። የታመመው ጀርባው ብቻ ነው፤ እግሩ፣ ሳንባውና አንጀቱ ሥራ ይፈልጋሉ። የሚያነክስ ፈረስ ግን ሌላ ነገር ነው። ምክንያቱ እስኪታወቅ ይረፍ፤ ከዚህ በታች ያለው ለእሱ አይደለም።

ቁስሉን በየቀኑ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እጠቡ። ለ1 ሊትር 2 የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። አመድና የተቃጠለ ዘይት አታድርጉበት።

ጧት ሁለቱም የኋላ እግሮቹ አብጠው ይገኛሉ

እብጠቱ ካልሞቀና ሲነኩት ካላመመው ምክንያቱ ቆሞ ማደሩ ነው። ፈረስ ከጉልበቱ በታች ጡንቻ የለውም፤ እግሩ ላይ የሚጠራቀመው ፈሳሽ ወደ ላይ የሚመለሰው ሲራመድ ነው። ጧትና ማታ 15 ደቂቃ በጠንካራ መሬት ላይ እየሳባችሁ አስኪዱት፣ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ጨምሩ። ያበጠው አንድ እግር ብቻ ከሆነና ከሞቀ አቁሙ፣ ሐኪም ይየው። እንደ ዶቃ የተሰደሩና የሚፈርጡ እባጮች ካሉበት ከሌሎች ፈረሶች ለዩት፤ ኮርቻውንም ግላሱንም (የኮርቻውን ጨርቅ) ለማንም አታውሱ።

ከዕረፍት በኋላ በወጣበት ቀን ያልበዋል፣ ወገቡ ይደርቃል፣ ሽንቱ ቡና ይመስላል

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ መነሻውም የባለቤቱ ደግነት ነው። ሥራ ፈትቶ ሙሉ የገብስ ቀለብ የሚበላ ፈረስ በድንገት ሲሠራ ጡንቻው ይጎዳል፣ ከጡንቻው የወጣው ነገር ሽንቱን ያጠቁረዋል፣ ኩላሊቱንም ያውካል። ቤት ላድርሰው ብላችሁ አታስኪዱት። ባለበት አቁሙት፣ ጋቢ አልብሱት፣ ውኃ አቅርቡለት፣ ሐኪም ጥሩ።

ፈረሱ መጋለብ ባቆመበት ዕለት ገብሱን ከግማሽ በታች አውርዱ፣ በምትኩ ድርቆሽ ስጡት። 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ በቀን 5 ኪሎ ያህል ይሆናል። አሞሌ ጨውና ንጹሕ ውኃ ከፊቱ አይጥፋ፤ ቆሞ የሚውል ፈረስ ውኃ ካነሰው ሆዱ ይደርቅና ቁርጠት ይይዘዋል።

ሲስቡት ይዘላል፣ ገመድ ይነጥቃል

ገብሱ ካልተቀነሰ ምንም አትድከሙ። ከተቀነሰ ደግሞ 3 ሜትር ገመድ ያዙና ከትከሻው ጎን ሁኑ። ገመዱን እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ፤ አጣጥፋችሁ ያዙት። በየመቶ እርምጃው አቁሙት፣ አራት እርምጃ ወደ ኋላ መልሱት፣ አዙሩት። ሐሳቡ ሲሠራ ይረጋል። ረጋ ያለ ጓደኛ ፈረስ ከፊት ቢሄድ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል።

በገመድ ሲያዞሩት ማነከስ ይጀምራል

ክቡ ጠቧል። ጠባብ ክብ መገጣጠሚያውን ያጣምመዋል፣ ጭቃና ተዳፋት ደግሞ ያብሱበታል። ገመዱ ከ8 እስከ 10 ሜትር ይሁን፣ ቦታውም አዝመራ የተነሳበት ሜዳ። ገመዱን ከልጓሙ ላይ ሳይሆን ከራስ ማሰሪያው ላይ እሰሩ። በሶምሶማ በአንድ አቅጣጫ 5 ደቂቃ፣ በሌላው 5 ደቂቃ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። ደንገላሳ (ፈጣን ሩጫ) ይቅር።

ይራመዳል፣ ግን አይጠነክርም

ሜዳ ብቻ ስለሄደ ነው። የጎጃም ደጋ ዳገት ሞልቶታል። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ለስላሳ ዳገት እየሳባችሁ አውጡት፣ ሲወርድ ቀጥታ ሳይሆን በአግድም አውርዱት።

ቁስሉ ድኖ ኮርቻ ሲጫን ተመልሶ ይከፈታል

ቆዳው ደርቆ ጠጉር ሳያበቅል ተጭኗል፣ ወይም ያው ያቆሰለው ኮርቻ ተመልሶ መጥቷል። ኮርቻውን ያለ ግላስ ጫኑና ሰው ይቀመጥበት፤ ከፊት በትከሻው አጥንትና በኮርቻው መካከል ሁለት ጣት ካልገባ እንጨቱ ይስተካከል። ጨርቅ መደረብ ጠባቡን ኮርቻ ይብስ ያጠብበዋል። መጀመሪያ 10 ደቂቃ በእርምጃ ብቻ ጋልቡና አውርዱ። በላበው ጀርባ መካከል ደርቆ የቀረ ቦታ ካለ፣ ኮርቻው የሚጫነው እዚያ ላይ ነው።